የናኖ ማቴሪያል ሲሙሌሽን ፒኤችዲ ፍለጋ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ፣ መላ በሉኝ

ሰላም ናችሁ? ማስተርሴን በፊዚክስ ጨርሻለሁ። መመረቂያዬ ሞሊብዴነም ዳይሰልፋይድ የሚባል ባለ ንብርብር ማቴሪያል ላይ ነበር፣ ኳንተም ኤስፕሬሶ በሚባል የኤሌክትሮኖችን ባሕርይ በሚያሰላ ሶፍትዌር። የዚህ ነገር ባንድ ጋፕ (ኤሌክትሮን ነፃ ሆኖ ለመንቀሳቀስ መሻገር ያለበት የኃይል ክፍተት) ማቴሪያሉ ወፍራም ሲሆን ቀጥተኛ አይደለም፣ አንድ ንብርብር ብቻ ሲቀር ግን ቀጥተኛ ይሆናል፣ ማለትም ብርሃን በደንብ ማውጣት ይችላል፤ ይህን በገዛ ላፕቶፔ ሳየው የተሰማኝ ደስታ ልዩ ነበር (መብራት ሦስቴ ጠፍቶብኝ ከዜሮ ጀምሬ ነው ያየሁት)።

አሁን ፒኤችዲ ፍለጋ ላይ ነኝ። ለ40 ገደማ ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ጽፌ ሁለት ብቻ መለሱልኝ፣ ሁለቱም «ገንዘብ የለንም» ነው ያሉት። ጀርመንና ስዊድን የዶክትሬት ቦታ ብዙ ጊዜ እንደ ሥራ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ደመወዝም አለው፤ ግን የማያቸው ማስታወቂያዎች ሞለኪዩላር ዳይናሚክስ (የአተሞችን እንቅስቃሴ የሚከታተል ሲሙሌሽን) እና ማሽን ለርኒንግ ይጠይቃሉ፣ እኔ ደግሞ ዲኤፍቲ (ኳንተም ኤስፕሬሶ የሚጠቀምበት የኤሌክትሮን ስሌት ዘዴ) ብቻ ነው የማውቀው። ላምፕስን (የሞለኪዩላር ዳይናሚክስ ሶፍትዌር ነው) ራሴን ላስተምር ወይስ ባለኝ ልግፋበት?

አንድ ጽሑፍ ባሳትም ይረዳኝ ነበር። ፒቢኢ (በዲኤፍቲ ውስጥ የተለመደው ግምታዊ ቀመር) ባንድ ጋፕን አሳንሶ ስለሚያሳይ ጂደብሊው የሚባለውን ይበልጥ ትክክለኛ ግን ከባድ ስሌት መሥራት አለብኝ፣ ያ ደግሞ 8 ጊጋ ራም ባላት ላፕቶፕ ቀልድ ነው። አማካሪዬም ስልክ አያነሱም። የድጋፍ ደብዳቤ ከማን ላምጣ?

ትሪየስቴ፣ ጣሊያን ያለው የአይሲቲፒ (ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል) የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ውስጥ ያለፋችሁ፣ ማስተርስ ላለው ሰው ያዋጣል? በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ በተካሄደው አሴስማ (የኤሌክትሮን ስሌት ዘዴዎችን የሚያስተምር የአፍሪካ ሥልጠና) የተሳተፋችሁም ካላችሁ፣ እባካችሁ ከዚያ በኋላ እንዴት ቦታ እንዳገኛችሁ ንገሩኝ። ኢሜይሌን አይቶ የሚያርምልኝ ካለ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።