«ተደግፎ ነው» ላልከው ሰውዬ

የቦርከና ልጅ፦ ትናንት እዚህ ገጽ ላይ «ባለ ተሳቢ» የሚባለው ሾፌር የጅቡቲ 500 ፍራንክ ሳንቲም ፎቶ ለጥፎ «በዚህች አንዷ ቁርስ በላሁ» አለን። ደስ የሚል ወሬ ነበር። ከዚያ «ጦሳ ሥር» የሚባለው መጣና «የጅቡቲ ገንዘብ ዶላር ተደግፎ ነው የቆመው» ብሎ ዘጋው። ማታውን ሙሉ አናደደኝ። ዛሬ ጠዋት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ለረዳቱ አምስት ብር ሰጠሁት፤ በፕላስተር የተጣበቀች ናት። ላይዋ ያለው ቡና ለቃሚ ፊቱ ተልጧል። «ይቺ አትሠራም ወንድሜ» አለኝ። ሳይደገፍ የቆመው ብራችን ይኸው ነው? አምስትና አሥር ብር ሳንቲም ቢሆን ማን ይጎዳል?

ጦሳ ሥር፦ ያልኩት እውነት ነው። ፍራንኩ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር ታስሯል። ከ1973 ወዲህ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው፤ ንቅንቅ የለም። ወደብ አከራይቶ፣ የጦር ሰፈር አከራይቶ የሚኖር ሰው ኪሱ ቢሞላ ምን ይገርማል? እሱን ከእኛ ጋር አታወዳድር።

ባለ ተሳቢ፦ ወንድም ጦሳ፣ አንተ ደሴ ጋቢ ለብሰህ ትጽፋለህ፤ እኔ በወር ሁለቴ ሦስቴ ጅቡቲ እወርዳለሁ። ሳንቲሙን በእጅህ ብትይዘው ይገባህ ነበር። መቶዋ ላይ ግመል አለ። በሌላው በኩል ጋሻና ጦር፣ ግራና ቀኝ ቢላ የጨበጡ እጆች። አሮጌውም አዲሱም አንድ ዓይነት ነው። ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጣል ስታደርገው ቃ! ይላል። ባለሱቁ ወደ ብርሃን አንስቶ አያገላብጠውም። የኛን ሁለት መቶ ብር ስሰጥ ግን እርግቧን ሦስቴ ነው የሚያዩአት።

ጦሳ ሥር፦ ቃ! ማለቱ መደገፉን አይለውጠውም።

የቦርከና ልጅ፦ ይኸው ደገመው! ተደግፎ፣ ተደግፎ። አያትህ 50 ሳንቲምን ምን ብለው ነበር የሚጠሩት?

ጦሳ ሥር፦ ሽልንግ።

የቦርከና ልጅ፦ የማን ስም ነው? እንግሊዞች ጣሊያንን አስወጥተው ሲገቡ ይዘውት የመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው። ሁለቱ በአንድ ብር ይመነዘር ነበር። ስለዚህ ግማሽ ብር ሽልንግ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በፊትስ? ጠገራ ብር የኦስትሪያ ንግሥት መልክ ያለበት ነው። ዓመቱ 1780 እንደተባለ ስንት ጊዜ ተቀጠቀጠ! ወሎ በሱ ስንት ዘመን ተገበያየ! እኛም ስንደገፍ ነው የኖርነው ወዳጄ።

የባቲ ሰኞ፦ ጠገራ ብር ስትሉ ዝም ማለት አልቻልኩም። የእናቴ አንገት ላይ ሰባት ነበሩ፣ ጆሮ ተበጅቶላቸው በክር ተሰክተው። ዛሬም ብሩ ብር ነው። 28 ግራም ይመዝናል፣ ማንም «ጊዜው አልፎበታል» አላላትም። ወረቀቱ ግን በ2013 መስከረም ሲለወጥ ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ። ሦስት ወር ነው የተሰጠው። ጊዜው ካለፈ በኋላ አንድ ሽማግሌ ከቆላ ፍየል ሊገዙ መጡ። ከሽርጣቸው ጫፍ የተቋጠረ ፈቱልኝ፤ ሁሉም አሮጌ መቶ። ማይክሮስኮፕ የሚያየው ሰውዬ ያለበት። «አባ፣ ይህ እኮ ቀርቷል» ስላቸው ሳቁ። የቀለድኩ መስሏቸው ነበር። ወላሂ እስከ ዛሬ ሳቃቸው አይረሳኝም።

ቁጥር አይዋሽም፦ እትዬ፣ ያሳዝናል፣ ግን ወረቀት የሚለውጠው የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ናቅፋውን በስድስት ሳምንት ነው የለወጠችው። ሱዳን ፓውንዱን እ.ኤ.አ. በ1992 ዲናር አለችው፣ በ2007 መልሳ ፓውንድ። በመሃል ሦስት ዜሮ ተቆረጠ። ኬንያ አሮጌውን አንድ ሺህ ሽልንግ እ.ኤ.አ. በ2019 በአራት ወር ጊዜ ውስጥ ሰብስባ አወጣችው።

የቦርከና ልጅ፦ ኬንያን ካነሳህማ ሳንቲሞቿን ተመልከት። ሕገ መንግሥቷ የሰው ምስል ገንዘብ ላይ አይወጣም ስላለ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ቀጭኔ፣ አውራሪስ፣ አንበሳ፣ ዝሆን አወጣች። አያምርም?

ቁጥር አይዋሽም፦ ወረቀቱ ላይ ግን የኬንያታ ሐውልት የቆመበት ሕንፃ ተገኘና ፍርድ ቤት ተካሰሱ። ሐውልት የሰው ምስል ነው አይደለም ብለው።

ባለ ተሳቢ፦ እኛ ዘንድ ደህና ነን፤ ሳንቲሙ ከፊት አንበሳ ነው፣ ማንም አይከሰስም 😂

ጦሳ ሥር፦ ወደ ናቅፋ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ ከብር ጋር እኩል ነበር። ከ2005 ጀምሮ አንድ ዶላር 15 ናቅፋ ገደማ ነው ተብሎ ቆሟል። እንደ ጅቡቲ ማለት ነው? አይደለም። ባንክ ገብቶ በ15 ናቅፋ አንድ ዶላር የሚገዛ ማን አለ? ተደግፌያለሁ ማለትና መደገፍ ይለያያል። ጅቡቲ በምታወጣው ፍራንክ ልክ የውጭ ምንዛሪ አስቀምጣለች። ይህን ነው ተደግፎ ያልኩት። ስድብ አይደለም።

የቦርከና ልጅ፦ ትናንት ግን ስድብ ነበር።

ጦሳ ሥር፦ ትናንት ብርድ ነበር።

የቦርከና ልጅ፦ የደሴ ሰው ሁልጊዜ ብርዱን ያመካኛል። በአውሮፕላን ስትመጣ የት ነው የምታርፈው? ኮምቦልቻ። ደሴም እኛን ተደግፋ ነው የምትበረው።

የባቲ ሰኞ፦ ሃሃ! አሁን ገባበት።

ጦሳ ሥር፦ ሲታመምባችሁ ሪፈር የሚጻፍላችሁ ወዴት ነው? እኔ ልናገር?

ቁጥር አይዋሽም፦ በሞቴ፣ ከተማ ለከተማ አትጣሉ። ጥያቄው ሳንቲም ነበር። የአንድ ብር ሳንቲም በ2002 ስትወጣ ባለ ሁለት ቀለም፣ ከኋላዋ ሚዛን ያለባት፣ ሰው ለልጁ ያስቀመጣት ነበረች። ዛሬ ምን ትገዛለች? ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ሳንቲም ብዙ ዓመት ይኖራል፣ ዋጋው ግን አብሮት አይኖርም። የጅቡቲዋ 500 ወደ 2 ዶላር ከ80 ናት፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ናት። ስለዚህ አምስት ብርን ሳንቲም ማድረግ ይቻላል፣ ቁርስ እንዲበላባት ማድረግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የቦርከና ልጅ፦ ቁርስ አልጠየቅኩም! ረዳቱ እንዲቀበለኝ ነው የጠየቅኩት። ሳንቲም በፕላስተር አይጣበቅም።

ጦሳ ሥር፦ እኔም ይህንን አልካድኩም። ሳንቲም ይሁን። ግን «እንደ ጅቡቲ» አትበል።

የቦርከና ልጅ፦ እንደ ማን ልበል? እንደ ሶማሌላንዷ ሀርጌሳ? እዚያ ለዋጮቹ መንገድ ዳር ገንዘቡን እንደ ጡብ ደርድረው ነው የሚቀመጡት። ለዚያውም ሰው ወረቀት መሸከም ሰልችቶት በስልክ ነው የሚከፍለው።

የባቲ ሰኞ፦ በስልክ መክፈልማ እኛም ጋ ደርሷል። ሰኞ ገበያ ላይ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ፍየሉ አይጠብቅም። ደግሞ ሳንቲም ብታወጡ ሱቅ ላይ መልስ በማስቲካ የሚሰጠው ሰው ይተዋል? ልጆቼ በማስቲካ ጥርሳቸው አለቀ።

ቁጥር አይዋሽም፦ እትዬ፣ ማስቲካውም ገንዘብ ሆኗል እኮ። እሱ ምን ተደግፎ ይሆን?

ጦሳ ሥር፦ እባካችሁ ያቺን ቃል ተዉልኝ።

የቦርከና ልጅ፦ አንተ ነህ ያመጣሃት። ከዛሬ ጀምሮ ስምህ «ተደግፎ» ነው።

ባለ ተሳቢ፦ ማክሰኞ እወርዳለሁ። ለሁለታችሁም አንዳንድ ባለ ግመል መቶ አመጣለሁ። የቦርከና፣ ያቺን አምስት ብርህን አምጣና እለውጥልሃለሁ።

የቦርከና ልጅ፦ የተጣበቀችዋን?

ባለ ተሳቢ፦ አይ፣ እሷን ለረዳቱ ስጠው።