ጥያቄ፦ ፊያት 124 ስፓይደር፣ ሞተሪኖው ጠቅ ብቻ ይላል፣ የቾክ ገመዱ ደግሞ ይግላል

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። በኤሌትሪክ ነገር እርዱኝ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተሽከርክሬ እዛው ነኝ።

ከአጎቴ የቀረችልን ፊያት 124 ስፓይደር አለች፣ በፈረንጅ 1974 የተሠራች፣ ሞተሯ 1756 ሲሲ፣ ጣሪያዋ ሸራ። ብዙ ዓመት ቆማ ነበር። ላሜራና ቀለሟን ደሴ አሠርተን በአይሱዙ ጭነን የሐረጎን ቁልቁለት አወረድናት። አሁን ግቢያችን ውስጥ ናት። ሞተርና ካምቢዮ ገብቷል። ወንበር የለም፣ ዳሽቦርዱ ግማሽ ነው፣ በሮቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ሽቦው ሲነቀል ማንም ምልክት አላደረገበትም፣ ከነብሎኑ በሁለት ፌስታል ነው የተረከብኩት።

ቁልፉን ስጠመዝዝ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ጠቅ ይላል፣ በቃ። አይዞርም። ባትሪው አዲስ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ከሞከርኩ በኋላ የቾኩን (ሞተር ሲቀዘቅዝ ቤንዚን የሚያበዛውን) መሳቢያ ልመልስ ስነካው ጣቴን ለበለበኝ! ገመዱ ግሏል፣ ሽፋኑ መቅለጥ ጀምሯል፣ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ቾክ ከኤሌትሪክ ጋር ምን አገናኘው?

የፊት መብራቱም እንደ ሻማ ነው። ግራ ፍሬቻ ሳሳይ ሌሎቹ ትንንሽ መብራቶች አብረው ይርገበገባሉ።

ሌላው ደግሞ ይሄ ነው። ሽቦውን የሚገጥምልኝ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ብዙ ቮልስ ሠርቷል። ከቁልፉ ጀርባ ሁለት ቡናማ ሽቦ ነበር፣ አንዱ ተንጠልጥሏል። «ቡናማ ማሳ ነው» (በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው ማለቱ ነው) ብሎ ከቦዲው ጋር በብሎን አሰረው። ባትሪውን ስናስገባ ብልጭ አለ፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ጭስ ወጣ። ሮጠን ነቀልነው። ያቺን ሽቦ በናስትሮ ጠቅልሎ ተዋት። ከዚያ ወዲህ ክላክስም የፍሬን መብራትም የለም።

ሽቦውን በሙሉ ልቀይረው ወይስ ይድናል?

ሙጋድ (ደሴ)፦

ወንድሜ እኔ ብሆን ሁሉንም ነቅዬ እጥለውና በአዲስ ሽቦ ነው የምጀምረው። የሃምሳ ዓመት ሽቦ ምን ይታመናል? ላስቲኩ ደርቆ እንደ ቆሎ ይሰባበራል።

የሲኖ ሹፌር (ኮምቦልቻ)፦

ባትሪህ ነው የደከመው። አዲስ ነው ብለው አሮጌ ሸጠውልህ ይሆናል። እኔ ነገ ከሚሌ እገባለሁ፣ ካቦ አለኝ፣ ከሲኖው እንለጥፍለትና ትነሳለች። እምቢ ካለች ሐረጎ ጫፍ አውጥተን ቁልቁል እንለቃታለን ሃሃ።

ካቻቢቴ (ደሴ)፦

ኧረ በአላህ! ወንበር የሌላት፣ ፍሬኗ ያልተፈተሸ መኪና ሐረጎ ላይ ይለቃል? ደግሞ ሲኖ 24 ቮልት ነው። እቺ 12 ናት። ሁለቱን ባትሪ ደርበህ ከለጠፍክባት አምፖሉንም የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረውን ሬጉላተርም አንድ ላይ ትሸኘዋለህ። የግድ ከሆነ ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ ነው የሚወሰደው። አሁን ግን አያስፈልግም።

የቦርከና ልጅ፣ በመጀመሪያ ቁልፉን መሞከር አቁም። ዛሬውኑ። የቾክ ገመድ ጫፉ የት ነው ያለው? ካርቡራቶር ላይ። ካርቡራቶር ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ቤንዚን። የጋለ ብረት ቤንዚን አጠገብ አስቀምጠህ ነው የምትሞክረው።

ችግርህ ማሳ ነው። ባትሪህ የት ነው የተቀመጠው? ኋላ ሻንጣው ውስጥ ከሆነ ኔጋቲቩ እዛው ቦዲው ላይ ታስሯል። ሞተሩ ግን ቦዲው ላይ አይደለም የተቀመጠው፣ ላስቲክ ላይ ነው። ላስቲክ ኤሌትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ከሞተር ወይ ከካምቢዮ ወደ ቦዲ የሚሄድ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ የመዳብ ማሰሪያ መኖር አለበት። እሱ ከሌለ ሞተሪኖው የሚስበው ከመቶ አምፔር በላይ መመለሻ ያጣል። ሲያጣ ያገኘው ላይ ይወጣል፣ በቾክ ገመድ፣ በነዳጅ መስጫው ገመድ፣ በኪሎሜትር ገመድ። ቀጭን የብረት ገመድ ይህን ሁሉ አይችልም፣ ምጣድ ይሆናል። ቀሪው ጉልበት ሞተሪኖውን ጠቅ ከማሰኘት አያልፍም። ስንቱ ነው በዚህ ምክንያት ደህና ሞተሪኖ አውርዶ ካርቦን ያስቀየረው።

ፌስታልህን አራግፈህ ያንን ማሰሪያ ፈልግ።

ቀጥሎ ቀለሙ። አዲስ ቀለም ያማረ ነገር ነው፣ ለማሳ ግን ጠላት ነው። ቀቢው ብሎን ቀዳዳውንም ሁሉ ቀብቶታል። የፊት መብራቶችህ ማሳ ቀለም ላይ ነው የታሰረው። መመለሻ ሲያጣ በሌላው አምፖል በኩል ይመለሳል፣ ለዚህ ነው አንዱ ሲበራ ሌላው የሚርገበገበው። ማሳ የሚታሰርበትን ሁሉ በካርታ ቬትሮ ፋቀው፣ የሳንቲም ያህል ብረቱ እስኪያበራ። ሮንዴላ ከነጥርሱ አስገባ፣ አጥብቅ፣ ከላዩ ቫዝሊን ቀባ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ፣ መጀመሪያ ማጥበቅ ነው ቫዝሊኑ በኋላ።

ሙጋድ፣ አንተ ደግሞ ልጁን ገደል አትክተተው። ምልክት የሌለውን ሽቦ ነቅሎ በአዲስ መጀመር ማለት ሌላ ዓመት ግቢ ውስጥ መቆም ማለት ነው።

ቮልስ ወዳጅ (ደሴ)፦

በቡናማው ሽቦ ልጁን አትፍረዱበት፣ እኔም አንድ ቀን ሠርቼዋለሁ። ጀርመኖች ቡናማን ለማሳ፣ ቀይን ከባትሪ በቀጥታ ለሚመጣው፣ ጥቁርን ቁልፍ ሲከፈት ለሚመጣው ነው የሚጠቀሙት። ቮልስ ላይ ያደገ ሰው ቡናማ ሲያይ እጁ ራሱ ወደ ቦዲው ይሄዳል። ጣሊያኖች ግን ጥቁርን ነው ማሳ ያደረጉት። ፊያት ላይ ከቁልፉ ጀርባ ያለው ቡናማ ብዙ ጊዜ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣው ነው፣ ያውም ያለ ፊውዝ። እና እናንተ የባትሪውን ፖዘቲቭ ነው ከቦዲ ጋር ያሰራችሁት። ጭሱ ሲያንሳችሁ ነው!

የሚገርመው ቁጥሩ ላይ ብዙም አይለያዩም። 30 ቢል ከባትሪ፣ 15 ቢል ከቁልፍ፣ 50 ቢል ሞተሪኖ። ከቁልፉ ጀርባ በፋኖስ ብታይ ቁጥሩ ተቀርጾ ልታገኘው ትችላለህ። ከቀለም ይልቅ እሱን እመን።

የሆጤዋ (ደሴ)፦

ካቻቢቴ ያሉት ልክ ይመስለኛል፣ ግን በግምት አትሥራ፣ ለካ። ሙያ ትምህርት ቤት ተማሪዎቼን የማደርቃቸው በዚህ ነው።

ቴስተርህን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርግ። አምፔር ላይ እንዳታደርገው፣ ፊውዙ ይቃጠላል። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ራሱ ላይ፣ ካቦው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ላይ፤ ሌላውን የሞተሩ ባዶ ብረት ላይ። ባትሪህ ኋላ ከሆነ ቴስተሩን በረጅም ሽቦ አስረዝመው። ቾኩንና የነዳጁን ገመድ ከካርቡራቶሩ ፍታና አርቃቸው፣ የቤንዚን ቱቦውንም ድፈነው። ከዚያ አንድ ሰው ቁልፉን ለሁለት ሰከንድ ብቻ ይጠምዝዝ። ማሳው ደህና ከሆነ ከግማሽ ቮልት በታች ታያለህ። ብዙ ቮልት ካየህ ጥፋቱ እዚያ መንገድ ላይ ነው። ከዚያ አንዱን ጫፍ ቦዲው ላይ አድርገህ ድገመው፣ ከባትሪ እስከ ቦዲ ነው ወይስ ከቦዲ እስከ ሞተር የሚለውን ይለይልሃል።

ለቡናማው ደግሞ ባትሪውን ዝም ብለህ አትመልስ። ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ፈልግ። በባትሪው ኔጋቲቭና በካቦው መሀል አስገባው። ሁሉም ነገር ጠፍቶ ሳለ አምፖሉ ሙሉ ከበራ የሆነ ቦታ ሾርት አለ። ካልበራ ሰላም ነው። አምፖሉ ከሁለት አምፔር በላይ አያሳልፍም፣ ስለዚህ ሾርት ቢኖርም ሽቦህ አይቃጠልም። እየበራ ሶኬት በሶኬት ንቀል፣ የጠፋበት ቦታ ላይ ነው ጥፋቱ። ቁልፉን ግን ከፍተህ አትተወው፣ ፕላቲኖው (የቦቢናውን ኤሌትሪክ የሚያቋርጠው) ተዘግቶ ከቆመ ቦቢናው (ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው) ይግላል።

የቦርከና ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ነበርኩ።

መምህርት እንዳልሽው ለካሁ። ባትሪው ቆሞ 12.6 ነው፣ ሹፌሩ ወንድማችን ባትሪውን በከንቱ ነው ያማኸው። ቾኩን ፈትቼ ቁልፉን ሲጠመዝዙልኝ ከባትሪ እስከ ሞተር ስንት ቢያሳይ ጥሩ ነው? 9.3 ቮልት። ወደ ቦዲው ሳዞረው 0.1። ማለት ከኋላ እስከ ቦዲ ደህና ነው፣ ከቦዲ ወደ ሞተር ምንም የለም።

ማሰሪያውን ፌስታሉ ውስጥ ፈለግኩ፣ የለም። አልጋ ስር፣ የለም። ኋላ እናቴ «እቺን ነው እንዴ?» ብላ ጠራችኝ። የዶሮ ቤቱን በር አስራበታለች! ከብሎን ቀዳዳዋ ከነምኗ። ጥቂት ክሯ ተበጥሷል እንጂ ደህና ናት። በሽቦ ብሩሽ አጽድቼ ከካምቢዮው ወደ ቦዲው አሰርኳት፣ ቀለሙን ፍቄ። ሞተሪኖው በአንዴ ዞረ! ብዙ ዓመት የቆመ ሞተር ሲዞር የሚሰማውን ድምፅ እኔ ልነግራችሁ አልችልም፣ አባቴ ከቤት ሮጦ ወጣ። ስለካው 0.2 ነው። የቾኩ ገመድ ቀዝቃዛ ነው፣ መቀየሩ ግን አልቀረለትም።

የፊት መብራቱንም ማሳ ፋቅኩ። ግራው ቦግ አለ። ቀኙ አሁንም ትንሽ ያንሳል።

ቡናማው ላይ አምፖሉን አስገባሁ፣ ሙሉ በራ። ከቦዲ ከተነቀለች በኋላም ማለት ነው። ሶኬት በሶኬት ስነቅል አንድ ቦታ ጠፋ። ተከትዬ ስሄድ ሽቦው ከዳሽቦርዱ ወደ ሞተሩ በሚያልፍበት ቀዳዳ ጎሚኒው (ሽቦውን ከጠርዙ የሚጠብቀው ላስቲክ) የለም። ያን ቀን ሲጨስ ላስቲኩ ቀልጦ፣ ሽቦው ሲነቃነቅ መዳቡ የቀዳዳውን ጠርዝ አንዴ ይነካል አንዴ ይለቃል። የጥፍር ያህል ቦታ ናት፣ በባትሪ መብራት ካልሆነ አትታይም።

ካቻቢቴ (ደሴ)፦

ጎበዝ! ያቺን ቦታ ብቻ በናስትሮ ጠቅልለህ እንዳታልፍ። የጋለ ሽቦ ውስጡ ሁሉ ደርቋል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይረው። ውፍረቱ ከድሮው እንዳያንስ። በስታኞ ከበየድክ ከንዝረት ራቅ አድርገህ እሰረው። ጎሚኒውን አስቀድመህ ቀዳዳው ላይ አስገባ፣ ሽቦው ካለፈ በኋላ ያናድድሃል።

ለቀኙ መብራት የፊውዝ ሳጥኑን እይ። የፊያት ፊውዝ ጥይት መሳይ ነው፣ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16። ጫፋቸው ይዝጋል። እያንዳንዱን በጣትህ አዙረው፣ መብራቱ ከጨመረ ጥፋቱ እሱ ነው። የተቃጠለ ካገኘህ በብር ወረቀት እንዳትጠቀልለው፣ እሱን የሚያደርግ ሰው መኪናውን ሲያቃጥል አይቻለሁ።

የቦርከና ልጅ፦

ፊውዙን ሳዞረው ቀኙ በራ! ሽቦውም ተቀይሯል፣ አምፖሉ አይበራም፣ ክላክስና ፍሬን መብራት ተመልሰዋል። ቤንዚኑን መልሼ ሞተሩም ተነሳ፣ ጎረቤት ሁሉ መጣ።

ግን አንድ ነገር። እየሠራ ባትሪው ላይ ስለካ 16.4 ቮልት ነው። ነዳጅ ስሰጥ ይጨምራል። ዲናሞው በጣም ጎበዝ ሆኖ ነው?

የሆጤዋ (ደሴ)፦

አጥፋው፣ ባትሪውን ይቀቅለዋል። ከ13.8 እስከ 14.4 ነው መሆን ያለበት። ሬጉላተሩ ከዲናሞው ውጪ፣ ለብቻው ከኮፈኑ ስር የታሰረ ትንሽ ሳጥን ነው አይደል? ያ ሳጥን ራሱ ማሳ ይፈልጋል። ማሳ ካጣ ቮልቱን ማየት አይችልም፣ ስለዚህ ዲናሞውን ያለ ልጓም ይለቀዋል። ከስሩ ቀለም አለ ብዬ እወራረዳለሁ።

የቦርከና ልጅ፦

መምህርት ቡና አለብኝ። ቀለሙ ከስሩም ከብሎኑም ላይ ነበር። ፍቄ አሰርኩት፣ 14.1። ነዳጅ ስሰጥም እዛው ነው።

ቮልስ ሠሪውን ልጅ አስታርቄዋለሁ፣ ነገ በር ልንገጥም ነው። የሲኖው ወንድሜ፣ ካቦህ አላስፈለገንም፣ ከሚሌ ስትገባ ግን ቀጭን የብረት ሽቦ ይዘህ ና፣ የዶሮ ቤቱ በር ክፍት ነው።