ከሴባስቶፖል እስከ ለገሃር፦ ጃፓን የቀደመችን በመድፍ ነው ወይስ በግብር?

ፒያሳ (ጥያቄውን ያነሣው)
የዓድዋ በዓል በመጣ ቁጥር "ከጃፓን ጋር እኩል ጀምረን እነሱ ቀደሙን" የሚል ክርክር ይነሣል። መነሻው እውነትነት አለው። በ1860 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የሾጉኖቹ (የጃፓን ወታደራዊ ገዥዎች) አገዛዝ ተገርስሶ የሜጂ መንግሥት ቆመ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ወደቁ። ታዲያ መንገዳችን የተለያየው የት ላይ ነው? በመሣሪያ? በባህር በር? በገንዘብ? "የባህል ጉዳይ ነው" ብሎ ማለፍ አይበቃኝም፤ ዓመትና ቁጥር ይዛችሁ ኑ።

ሰባ ደረጃ
እኔ ከመሣሪያ እጀምራለሁ። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቅጂው የቆመው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የቀለጠው አውሮፓውያን ሚስዮናውያን በግድ ተይዘው ነው። ሥራው ቀላል አልነበረም። ያን ያህል ብረት በአንድ ጊዜ መቅለጥና ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት፤ በመሃል ከቆመ የመጀመሪያው ቀዝቅዞ ከሁለተኛው ጋር አይዋሃድም፣ መድፉም በዚያ ስንጥቅ ይፈነዳል። የሸክላው ቅርጽ ትንሽ እርጥበት ከቀረበት ደግሞ እንፋሎቱ ሁሉን ነገር ይበትነዋል። ያ ሁሉ አልፎ መድፉ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ግን መንገድ እየተጠረገለት መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጀ።

አሁን ጃፓንን ተመልከቱ። የሳጋ ግዛት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1850፣ የአሜሪካው የባህር ኃይል አዛዥ ፔሪ 4 መርከብ ይዞ ከመምጣቱ 3 ዓመት በፊት፣ ከሆላንድ ቋንቋ የተተረጎመ መጽሐፍ እያነበቡ ማቅለጫ ምድጃ ሠሩ። አንድም የውጭ ባለሙያ አልነበራቸውም። የመጀመሪያዎቹ መድፎች ተበላሹባቸው፤ እያረሙ ቀጠሉ። እኛ ዘንድ መድፉ እንጂ ሙያው አልቀረም። ጋፋት ከንጉሡ ጋር ሞተ።

አራት ኪሎ
ሰባ ደረጃ፣ የሳጋው ምሳሌ ጥሩ ነው፤ ግን ምድጃው ለምን ሳይጠፋ ቆየ? ደመወዝ የሚከፍለው ስለነበረ ነው። ልዩነቱ ያለው ግምጃ ቤቱ ላይ ነው።

ሜጂዎች እ.ኤ.አ. በ1871 የመሳፍንቱን ግዛት ሁሉ ሰርዘው ክፍለ ሀገር አደረጉት። በ1873 የመሬት ግብር ሕግ አወጡ። አሠራሩን በቁጥር ላሳያችሁ፤ መንግሥት ራሱ ለገማቾች የሰጠው ምሳሌ ነው። አንድ ታን የሩዝ ማሳ (1 ሺህ ካሬ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው) 1.6 ኮኩ ያመርታል ተባለ፤ ኮኩ 180 ሊትር ገደማ ነው። ኮኩው በ3 የን ሲሸጥ ምርቱ 4.80 የን ያወጣል። ለዘርና ለማዳበሪያ 15 በመቶ፣ ማለትም 0.72 የን ይነሣለታል። የመሬቱ ዋጋ የቀረው 4.08 የን 10 እጥፍ፣ 40.80 የን ሆኖ ይተመናል። ከዚህ 3 በመቶው፣ 1.224 የን፣ ለማዕከላዊው መንግሥት ነው፤ 1 በመቶው፣ 0.408 የን፣ ለመንደሩ። ለባለመሬቱ 2.448 የን ይተርፈዋል፤ እሱም የ40.80 ልክ 6 በመቶ ነው። ባለመሬቱ ስሙ የሰፈረበት ወረቀት ይሰጠዋል፤ ግብሩንም በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል። ሩዝ አይጫንም፣ መልከኛ መሃል ገብቶ አይቆርስም።

በዚያ ዘመን የእኛ ገባር የሚከፍለው በእህል፣ በማር፣ በድርጎና በጉልበት ነው። ጭቃ ሹሙ፣ ባለጉልቱ (የመሬቱን ግብር እንዲበላ የተሰጠው)፣ አገረ ገዥው እየቆረሱለት ያልፋል። እህል በበቅሎ ተጭኖ ሩቅ አይሄድም፤ በደረሰበት ይበላል። ቤተ መንግሥት የሚደርሰው ከብዙ በጥቂቱ ነው። በዚህ ገቢ ማቅለጫም፣ ትምህርት ቤትም፣ መደበኛ ጦርም በቋሚነት ማቆም አይቻልም።

ቀበና
እህቴ፣ ስሌትሽ ልክ ነው፤ ጊዜውን ግን ዘለልሽው። ጉልት እኮ ተራ ዝርፊያ አልነበረም። ዓድዋ የዘመተው 100 ሺህ የሚገመት ጦር እያንዳንዱ ራስና ደጃዝማች ከጉልቱ አብልቶ፣ አስታጥቆ ያመጣው ነው። ምኒልክ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ጉልት ቢነጥቁ የካቲት 23 ቀን 1888 ማን ይሰለፍ ነበር? ሜጂዎች ጌቶቹን የሻሩት የውጭ ጦር እየወረራቸው ባልነበረበት ጊዜ ነው። እንደዚያም ሆኖ ሳሙራዮቹ እ.ኤ.አ. በ1877 ሳትሱማ ላይ ሸፈቱባቸው።

ክፉ ቀንንም አትርሺ። በምፅዋ በኩል ለጣሊያን ጦር ከመጣ ከብት ጋር ደስታ የሚባለው በሽታ ገባና ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. በሬው አለቀ። በሬ የሌለው ገበሬ ምን ግብር ይከፍላል? ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892 አስራት (ከምርቱ አንድ አሥረኛ) የጣሉት ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ እንዳያስጨንቀው ነበር፤ ማለትም መንገዱን ጀምረውታል።

ሰባ ደረጃ
ቀበና ስለ ጦሩ ያልከውን እቀበላለሁ፤ ግን ያ ጦር ያለበትን ችግርም እንይ። ሰናድር የሚባለው ጠመንጃ 14.7 ሚሊ ሜትር ጥይት ይበላል፤ ውጅግራ የሚባለው 11። አንዱ ጥይት ሲጨርስ ከጎኑ ካለው መበደር አይችልም። ስንቁም እንደዚያው ነው፤ ዓድዋ ላይ የሁለቱም ወገን ስንቅ ሊያልቅ ቀናት ቀርተውት ነበር። ጣሊያን ባይቀድም ኖሮ ሠራዊቱ በረሃብ ይበተን እንደነበር የዘመቻው ታሪክ ያሳያል። የአራት ኪሎዋ ግምጃ ቤት ያስፈልግ የነበረው እዚህ ጋ ነው።

ለገሃር
ሁላችሁም ወደ ውስጥ ብቻ አያችሁ፤ እኔ የውሉን ወረቀት ላንሣ። አፄ ዮሐንስ ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ ዕቃ፣ መሣሪያም ጭምር፣ በምፅዋ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተፈቀደላቸው። 8 ወር ገደማ ቆይቶ፣ ጥር 1877 ዓ.ም.፣ ጣሊያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምፅዋን ያዘ። ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የተዋዋሉት የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 (ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መነጋገርን የሚመለከተው) በአማርኛው "ይቻላቸዋል"፣ በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ መጻፉን ሁሉም ያውቃል። ያነሰ የሚነገረው ተጨማሪው ውል ነው፦ 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር፣ መያዣው የሐረር ጉምሩክ። ምኒልክ ብድሩን መልሰው ከዚያ ወጥመድ ወጡ። ይህን ያህል አርቆ ማሰብ ሊመሰገን ይገባል። የግብፁ እስማኤል በዕዳ ተይዞ እ.ኤ.አ. በ1875 የስዊዝ ቦይ ድርሻውን ለእንግሊዝ በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ፤ በ1882 አገሩ ተያዘች።

ግን ከዓድዋ በኋላም ቢሆን ጥር 1900 ዓ.ም. ላይ ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ውል የገቢ ቀረጣችን ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ታሰረ፤ የፈረንሳይ ዜጋም በቆንስላው ፊት እንጂ በእኛ ዳኛ ብቻ አይዳኝም ተባለ። አሸንፈን ነው ይህን የፈረምነው። ጃፓንም 5 በመቶ ላይ ታስራ ነበር፤ የሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ደግሞ 3 በመቶ ነበር። ጃፓን የውጭ ዜጋን በራሷ ፍርድ ቤት ለመዳኘት የቻለችው እ.ኤ.አ. በ1899፣ ቀረጧን በራሷ የወሰነችው በ1911 ነው።

ባቡሩም ይኸው ነው። የጃፓን የመጀመሪያ መስመር፣ ቶኪዮ–ዮኮሃማ፣ 29 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በለንደን በ9 በመቶ ወለድ በተገኘ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ጭምር ተሠራ። ሐዲዱ ግን የመንግሥት ነበር፤ መሐንዲሱ ባለደመወዝ እንግሊዛዊ ነው። የእኛ እ.ኤ.አ. በ1894 ለ99 ዓመት በኮንሴሲዮን (ሠርቶ የማስተዳደር ፈቃድ) ተሰጠ፤ ለገሃር የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን 784 ኪሎ ሜትሩ ሁሉ የውጭ ኩባንያ ንብረት ነበር። ባህር ላይ ያለው ጫፉ ጅቡቲ ነው፤ እሱም ያኔ የፈረንሳይ ነበር።

ራስ መኮንን ድልድይ
ልጆች፣ ጃፓንን እንደ መለኪያ ብቻ አትውሰዱ። አራት ኪሎ ያሳየሽን ስሌት እንደገና እዪው፤ 1.224 እና 0.408 ሲደመር ከ4.80 ላይ 34 በመቶ ነው። ግብሩ በገንዘብ የተቆረጠ ስለሆነ የሩዝ ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው ብዙ ሩዝ ሸጦ ያንኑ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1876 ገበሬው አመፀ፤ በ1877 መንግሥት 3 በመቶውን ወደ 2.5 አወረደ። በዚያው 1876 ዓመት ደግሞ ጃፓን ኮሪያን በመርከብ አስፈራርታ ራሷ የተፈረመባትን ዓይነት ውል አስፈረመቻት፤ በ1910 ዋጠቻት። ከቻይና በ1895 የወሰደችው 200 ሚሊዮን ቴል (የቻይና የብር መለኪያ) ካሳ ነው የብረት ፋብሪካና የወርቅ ገንዘብ ያቆመላት። ይህን መንገድ እኛም ልንመኘው ይገባ ነበር የሚል ሰው ካለ እኔ አልስማማም።

አራት ኪሎ
ጋሼ፣ የኮሪያውን እኔም አልመኝም፤ 34 በመቶው ከባድ መሆኑንም አልክድም። ነጥቤ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ጃፓን መሬቷን ለክታ ግብር ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው፤ ሕገ መንግሥት ያወጣችው በ1889፣ ከ16 ዓመት በኋላ። እኛ ያንኑ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርገን 55 አንቀጽ ጽፈን ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. አወጅን። መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብሎ በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር ግብር የጣለው አዋጅ የመጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ጋሻ ደግሞ 40 ሄክታር ገደማ ነው። 11 ዓመት ሙሉ ሕገ መንግሥቱ ያለ ግምጃ ቤት ቆመ። በመሃል ጣሊያን ጋዝ ይዞ መጣ።

ቀበና
እህቴ፣ የ1934ቱ ሕግ ሊወጣ የቻለውም በምን ምክንያት እንደሆነ እይ። የራሶቹ ጦር በጦርነቱና በወረራው አምስት ዓመት ተሰባብሮ፣ ንጉሡ ሲመለሱ የሚገዳደራቸው ጉልተኛ ስላልነበረ ነው። ያንን ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1871 ጀምሮ ሜጂዎች በአዋጅና በቦንድ ሠሩት፤ እኛ ዘንድ ያፈረሰው የጠላት ወረራ ነው። ከዚያ በፊት በሰላም ማድረግ ይቻል ነበር የምትዪ ከሆነ ማን፣ በየትኛው ዓመት እንደሚያደርገው ንገሪኝ።

አራት ኪሎ
ከ1889 እስከ 1898 ዓ.ም. ድረስ ነው የምለው። ምኒልክ ከዓድዋ ድል ጋር ሙሉ ሥልጣን ነበራቸው፤ የሚያሰጋ ባላንጣም አልነበራቸውም፤ ሕመሙም ገና አልጣላቸውም። በዚያ ጊዜ ሸዋ ብቻ እንኳ ተለክቶ በብር ቢገብር ይበቃ ነበር። አንተ ያልከው መሰባበርም ቢሆን ሙሉ አልነበረም፤ ከአዲሱ ግብር ጎጃም፣ ትግራይና በጌምድር በነባሩ ሥርዓት ቀርተዋል። የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም መሬቱን የሚለካ ሰው አላስገባም ብሎ ተነሣ፤ መንግሥትም ጦር ልኮ በመጨረሻ ውዝፉን ማረ። ዓመቱ 1960 ዓ.ም. ነበር።