የሕክምና መሣሪያ አምራቾች ከመድኃኒት ፋብሪካዎች ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር ይመሥርቱ? (ክርክር)

አወያይ፦
ሲሪንጅ፣ ጓንት፣ ጎዝ፣ የግሉኮስ መስጫና የሆስፒታል አልጋ የሚሠሩ ፋብሪካዎቻችን እስካሁን የሚታቀፉት ከመድኃኒት ፋብሪካዎች ጋር በአንድ የዘርፍ ማኅበር ነው። ሁለት ሐሳብ እየተንሸራሸረ ነው። አንዱ "ተለይተው የራሳቸውን ያቋቁሙ" ይላል። ሌላው ደግሞ "ከኬንያና ከሌሎች ጎረቤት አገሮች አምራቾች ጋር ቀጠናዊ ማኅበር ይመሥርቱ" የሚል ነው። "ማኅበር ጥሩ ነው" ብቻ የሚል መልስ ይቅር። ማኅበሩ ቢሮ ቢከፍት የመጀመሪያ ሥራው ምንድን ነው? ወጪውንስ ማን ይችላል?

የጥራት ባለሙያ፦
ይለዩ። የመድኃኒት ፋብሪካዎች ሲሰበሰቡ አጀንዳው የንጥረ ነገር መግዣ ምንዛሪ፣ የባዮኢኩቫለንስ ጥናትና (ቅጂው መድኃኒት ከመነሻው እኩል በሰውነት ውስጥ መድረሱን ማረጋገጫ) ጂኤምፒ (የመድኃኒት መልካም አመራረት ደንብ) ነው። ሲሪንጅ ሠሪውን እንቅልፍ የሚነሳው ሞልድ (የቀለጠ ፕላስቲክ ቅርጽ የሚይዝበት)፣ የፕላስቲክ እንክብልና ማምከኛ ነው። የሚመራበትም የጥራት ደረጃ አይሶ 13485 ነው እንጂ ጂኤምፒ አይደለም። አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡም የሚያወሩት ስለ ተለያየ ነገር ነው።

ማምከኛውን ብቻ እንውሰድ። ሲሪንጅና የግሉኮስ መስጫ ባብዛኛው የሚመክኑት በኢትሊን ኦክሳይድ ጋዝ ነው። ጋዙ ካንሰር ያመጣል። በአየር ውስጥ 3 በመቶ ገደማ ከደረሰ ደግሞ ብልጭታ ይበቃዋል፤ ይፈነዳል። ስለዚህ ቻምበር (ዕቃው በጋዝ የሚመክንበትን ዝግ ሣጥን) መግዛት ብቻውን ምንም አይደለም። ብልጭታ የማያወጣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ ጋዝ ጠቋሚ፣ የሚወጣውን ጋዝ የሚያከስም መሣሪያና ዕቃው ጋዙን እስኪለቅ የሚቆይበት ሞቃት ክፍል ያስፈልጋሉ። ትንሽ ፋብሪካ ይህን ሁሉ ተክሎ ቻምበሩን ግማሽ ጎዶሎ ያሠራዋል።

ከዚያ ማምከኑ በትክክል መሥራቱን በአይሶ 11135 መሠረት ማረጋገጥ አለ። በመጀመሪያ ዕቃው ላይ ያለው የጀርም ብዛት ይለካል። ቀጥሎ አንድ ሚሊዮን የባሲለስ አትሮፊየስ ስፖር (በቀላሉ የማይሞት የባክቴሪያ ዘር) የያዘ ጠቋሚ ጋዙ ሊደርስበት በሚቸገርበት ቦታ ይቀመጣል፤ በሲሪንጅ ከሆነ በጎማው ሁለት ቀለበቶች መካከል። መደበኛው የጋዝ ጊዜ በግማሽ ተቀንሶ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ይሠራል፤ በሦስቱም ስፖሩ ጨርሶ መሞት አለበት። በመጨረሻ የጋዝ ቅሪት ይለካል። ከታማሚ ጋር ከ24 ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ ለሚገናኝ ዕቃ ወሰኑ በአንድ ዕቃ 4 ሚሊ ግራም ነው። ቱቦው የሚሠራበት ፒቪሲ ጋዙን ስለሚመጠው የግሉኮስ መስጫ ከሲሪንጅ የበለጠ የማናፈሻ ጊዜ ይፈልጋል። አዲስ ገቢዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ትእዛዝ ቸኮለ ብለው ካርቶኑን ቶሎ ያወጡታል።

ይህን እውቀትና ይህን መሣሪያ በጋራ መያዝ ነው የማኅበሩ ሥራ። ለዚያ ደግሞ የመድኃኒት ፋብሪካዎችን ድምፅ መለመን አይገባም።

የግዥ ሰው፦
ወንድሜ፣ ስለ ማምከኛው ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ድምዳሜው ግን አልተከተለም። የጋራ ማምከኛ ንግድ ነው። የሚጠቀሙበት አምራቾች አክሲዮን ይግዙ፣ ኩባንያ ያቋቁሙ፣ በቻምበር ልክ ያስከፍሉ። ማኅበር ምን አገባው? ጎዝ በእንፋሎት በ121 ዲግሪ ይመክናል። የመመርመሪያ ጓንትና ማስክ ሳይመክኑ ነው የሚሸጡት። አልጋ ሠሪው ስለ ጋዝ ጭራሽ አያገባውም። የእነዚህ ሁሉ መዋጮ ለሲሪንጅ ሠሪው ቻምበር ሊውል ነው? በሁለተኛው ዓመት ማኅበሩ ይፈርሳል።

የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። ማን ነው አምራች? ጓንት በጅምላ አስመጥቶ እዚህ በካርቶን የሚያሽግ ድርጅት ነገ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሊሆን ይችላል። በ2002ቱ የግዥ መመሪያ የአገር ውስጥ ምርት ለመባል ከጠቅላላ ዋጋው ከ35 በመቶ በላይ እዚህ የተጨመረ እሴት መሆን አለበት። ያለ ግብር 100 ብር ከሚሸጥ ካርቶን 80 ብሩ ከውጭ የመጣው ጓንት ከሆነ የቀረው 20 ነው። አይሞላም። ማኅበሩ ሲቋቋም የመጀመሪያው ግፊት "ይህ መለኪያ ይቀነስልን" የሚል እንደሚሆን አልጠራጠርም።

የጥራት ባለሙያ፦
መለኪያውን ካነሡት አይቀር ሌላ ጎኑን ይመልከቱ። ከእንክብል ጀምሮ የሚሠራ ሲሪንጅ አምራች መርፌውን፣ ጎማውን፣ የማሸጊያውን ወረቀትና እንክብሉን ሁሉ ከውጭ ያስገባል። ከ100 ብር 62ቱ የውጭ ግብዓት ነው እንበል፤ 38 ይቀረዋል፣ ያልፋል። የዶላር ዋጋ በብር 20 በመቶ ቢጨምርና የመሸጫ ዋጋው በውል የታሰረ ቢሆን ግብዓቱ 74 ብር ከ40 ይገባል። እሴቱ ወደ 25 ብር ከ60 ወረደ። ሰውዬው ያው ማሽን፣ ያው ሠራተኛ፣ ያው ሥራ ይዞ "አምራች አይደለህም" ሊባል ነው። ከሐምሌ 2016 በኋላ፣ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ ይህ የወረቀት ላይ ሒሳብ አይደለም። እሴቱን ከዋጋ ይልቅ በሥራ ሂደት መለካት ይሻላል፦ ሞልድ ላይ መቅረጽ፣ መገጣጠም፣ ማሸግ፣ ማምከን፤ ከአራቱ ሦስቱን እዚህ የሚሠራ አምራች ነው። ይህን የሚከራከር አካል አሁን የለም።

የግዥ ሰው፦
መገጣጠም፣ ማሸግና ማምከን ሦስት ነው። የተቀረጸውን በርሜል (የሲሪንጁን ቱቦ) ከውጭ አስመጥቶ የሚገጣጥም ሰው በእርስዎ መለኪያ አለፈ ማለት ነው።

የጥራት ባለሙያ፦
መቅረጽ ግዴታ ይሁን፣ ከቀሩት ሁለቱ ይጨመሩ። ለጎዝና ለአልጋ ግን የየራሳቸው ዝርዝር ሊወጣ ነው፤ በአንድ መስፈርት አይሆንም።

ከሚኒያፖሊስ፦
በዚህ ዓይነት ማኅበር ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው የሚኒሶታው ሜዲካል አሊ ነው። በ1984 (በፈረንጆቹ) የመሠረተው የሕክምና መሣሪያ ኩባንያው የሜድትሮኒክ ሰው ኧርል ባከን ነው፤ በ1957 በባትሪ የሚሠራውንና በደረት ላይ የሚታሰረውን የልብ ምት መቆጣጠሪያ የሠራው ሰው። ቀኖቹን ግን ልብ በሉ። ሜድትሮኒክ የተቋቋመው በ1949 ነው፤ ማኅበሩ የመጣው ከ35 ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ከተማው ዙሪያ ጥቃቅን ክፍል የሚቆርጥ፣ ፕላስቲክ የሚቀርጽ፣ የሚመረምርና የሚያመክን ተቋራጭ ሞልቶ ነበር። ማኅበሩ ኢንዱስትሪውን አልወለደውም። የነበረውን ነው ያሰባሰበው። እናንተ ከጣሪያው ልትጀምሩ እንዳይሆን።

ሌላው፣ እዚያ አባል የሚሆነው አምራች ብቻ አይደለም፤ ሆስፒታልና የጤና መድን ድርጅትም አለበት። ገዢና ሻጭ አንድ ቤት ሲገቡ ዋጋ ላይ የጋራ አቋም መያዝ አይቻልም። ስለዚህ ሥራው መረጃ፣ ሥልጠናና ባለሀብት ማገናኘት ላይ ያተኩራል። ይህን እንደ ድክመት የሚያዩት አሉ፤ ለእኔ ደግ ነው።

መሐንዲስ (ሞልድ)፦
"ከጣሪያው" የሚለው አልገባኝም። በአሜሪካ በመሣሪያዎች ላይ የተጣለው የ2.3 በመቶ ግብር ከ2013 ጀምሮ ተከፍሎ፣ ሁለት ጊዜ ታግዶ፣ በ2019 መጨረሻ በሕግ የተሰረዘው ማኅበራት ዓመታት ሙሉ ስለጮኹ ነው። ከሽያጭ እንጂ ከትርፍ የሚታሰብ አልነበረም፤ ገና ያላተረፈ ትንሽ ድርጅትም ይከፍል ነበር። ያንን ድርጅት ብቻውን ማን ይሰማው ነበር?

ነገር ግን እዚህ ሰው ሁሉ የሚደግፈውን አንድ ሐሳብ ልቃወም፦ የጥሬ ዕቃ የጋራ ግዥ። ስብሰባ ላይ ሲነሣ ያምራል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር 16 ቶን ገደማ እንክብል ይይዛል። የአንድ ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ፕላስቲክ 5 ግራም ቢሆን 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ሲሪንጅ ይወጣዋል፤ ለትንሽ ፋብሪካ ብዙ ስለሆነ "እንካፈል" ይባላል። ችግሩ እንክብሉ ፖሊፕሮፒሊን ከመሆኑ ባሻገር የቀለጠው ፕላስቲክ የሚፈስበት ፍጥነት (በ10 ደቂቃ ስንት ግራም እንደሚፈስ) ነው። የአንዱ ሞልድ የተስተካከለው በ25 ከሆነና ሌላው በ40 የሚሠራ ከሆነ አንዱ ተጎጂ ነው። ዝግ ብሎ የሚፈሰው ቀጭኑን በርሜል ሳይሞላ ይቀራል። ቶሎ የሚፈሰው ደግሞ በሞልዱ መጋጠሚያ አምልጦ ጠርዝ ያወጣል። ኦፕሬተሩ ሙቀትና ግፊት እየነካካ ያስተካክለዋል፤ በርሜሉ ግን ሲቀዘቅዝ ሞላላ ይሆንና ጎማው ዙሪያውን እኩል አይነካውም። ያኔ በአይሶ 7886-1 የማፍሰስ ፈተና ይወድቃል። ለመብራት፣ ለትራንስፖርትና ለማሸጊያ ካርቶን በጋራ ተደራደሩ። እንክብሉን ተዉት።

ላብራቶሪ፦
በዚሁ ላይ ልጨምር። "የጋራ ላብራቶሪ ይከፈት" ሲባል ምን ምን እንደሚመረመር ተለይቶ ይነገር። የጓንት የውሃ ፈተና 1 ሊትር ውሃ፣ ማንጠልጠያና 2 ደቂቃ ነው የሚፈልገው፤ ለዚህ የጋራ ላብራቶሪ አያስፈልግም፣ በየፋብሪካው ይሠራ። የሲሪንጅ ጫፍ መለኪያ (መርፌው የሚሰካበት የ6 በመቶው ሉየር)፣ የማሸጊያ መላቀቂያ ጉልበት፣ የጀርም ብዛትና የጋዝ ቅሪት ናቸው በጋራ የሚያዋጡት። ለጋዝ ቅሪት ጋዝ ክሮማቶግራፍ (ጋዞችን ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ያስፈልጋል፤ አንድ መሣሪያ ብዙ ፋብሪካ ያገለግላል። በሕዋስ ላይ የሚደረገው የመርዛማነት ምርመራ (አይሶ 10993-5) ግን ውጤቱን መጋራት አይቻልም። ሁለት ፋብሪካዎች ያንኑ እንክብል ቢገዙም የሚቀቡት ሲሊኮን፣ ሞልድ ላይ የሚረጩት ማላቀቂያና የማምከኛው ቅሪት ይለያያል። የሚመረመረው ያለቀለት ዕቃ ነው።

ማሸጊያውንም አደራ። ሁለቱም ፊት ላስቲክ የሆነ ከረጢት ጋዝ አያስገባም፤ ቫክዩም ሲሳብ ደግሞ ይነፋና ስፌቱ ይፈነዳል። አንዱ ፊት የሚተነፍስ የሕክምና ወረቀት ወይም ታይቬክ መሆን አለበት።

ሕግ ነክ፦
ስለ አቋሙ ጥቂት። የዘርፍ ማኅበር የሚቋቋመው በንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት አዋጅ 341/1995 ነው። በሲቪል ማኅበረሰብ አዋጅ 1113/2011 እንመዝገብ የምትሉ ካላችሁ ዓላማችሁ ሌላ እንደሚሆን እወቁ።

ዋናው ማስጠንቀቂያዬ የንግድ ውድድር አዋጁ፣ 813/2006 ነው። ተፎካካሪዎች በዋጋ መስማማት፣ ገበያ መከፋፈል፣ በጨረታ መመሳጠር ክልክል ነው፤ "የማኅበር ስብሰባ ነበር" ማለት አያድንም፣ እንዲያውም ቃለ ጉባኤው ማስረጃ ይሆናል። ገዢው ባብዛኛው አንድ፣ ማለትም የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፣ በሆነበት ገበያ ሦስት ሲሪንጅ አምራቾች ተቀምጠው "ከዚህ በታች አንግባ" ማለት በጣም ቀላል ነው። አንድም ሰው የራሱን የጨረታ ዋጋ፣ የማምረቻ ወጪ ወይም የሚወዳደርበትን መጠን በስብሰባ እንዳያነሣ ደንቡ ላይ ይጻፍ።

የተፈቀደው ይኸውላችሁ፦ የማዕቀፍ ውል ላይ የዋጋ ማስተካከያ ቀመር እንዲገባ መጠየቅ። የውሉ ዋጋ 60 በመቶው የውጭ ግብዓት ከሆነና ምንዛሪው 20 በመቶ ከጨመረ ዋጋው 12 በመቶ ይስተካከላል፤ ከቀነሰም እንዲሁ። ይህ ለሁሉም በግልጽ የሚሠራ ጥያቄ ስለሆነ ማንም አይከሰስበትም።

የግዥ ሰው፦
"ከቀነሰም እንዲሁ" የሚለውን ከፈረሙ እኔም እደግፋለሁ። እስካሁን የሰማሁት ሲጨምር ብቻ ነው።

ባዮሜዲካል፦
ቀጠናዊውን ሐሳብ ማንም አልነካውም። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም፤ የኮሜሳና የኢጋድ ግን ናት። ስለዚህ ኬንያና ኡጋንዳ በማኅበረሰቡ በኩል የሚስማሙበት የምዝገባ አሠራር እኛን በቀጥታ አይመለከትም። የአፍሪካ መድኃኒት ኤጀንሲ ስምምነት ከጥቅምት 2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ መቀመጫውም ኪጋሊ ነው። የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪዎችም የራሳቸው አህጉራዊ መድረክ አላቸው። ተቆጣጣሪዎቹ ተሰባስበው አምራቹ ብትንትን ሲል ደንቡ የሚጻፈው ለአስመጪ በሚመች መንገድ ነው። አንድ የምዝገባ ፋይል በብዙ አገር ተቀባይነት እንዲያገኝ የሚከራከር ቀጠናዊ ማኅበር ለዚህ ብቻ እንኳ ይበቃል።

መሐንዲስ (ሞልድ)፦
ይበቃል፣ ግን ለማን? ኪሊፊ ያለው የኬንያው ሬቪታል ከአንድ ጊዜ በላይ የማይሠራውን የክትባት ሲሪንጅ በዓለም ጤና ድርጅት አስመርምሮ ብቁ ተብሏል። ድንበሩ ነገ ቢከፈት ዕቃው ወደዚህ ነው የሚመጣው፤ የእኛ ወደዚያ አይሄድም።

ባዮሜዲካል፦
ቢመጣ ምን አለበት? በኮቪድ ጊዜ ዩኒሴፍ እስከ 2.2 ቢሊዮን የክትባት ሲሪንጅ ሊጎድል ይችላል ብሎ ሲያስጠነቅቅ ሐኪም ቤቱ "የአገር ውስጥ ነው ወይስ የኬንያ" አላለም። እርስዎ የሚሉት ጥበቃ ነው፤ ጥበቃ ደግሞ ቀን ይቆረጥለት። ሦስት ዓመት ይበሉ፣ አምስት ይበሉ፣ ቀኑን ግን ይጻፉት።

ይልቅ በማኅበሩ ውስጥ የተጠቃሚው ቦታ የት ነው? ሲሪንጅ ሲያፈስ ነርሷ ትጥለዋለች፣ ሌላ ትከፍታለች። የባች (የአንድ ዙር ምርት) ቁጥሩን ማንም አይመዘግብም፤ ፋብሪካውም አይሰማም። በአዋጅ 1112/2011 መሠረት ምርቱን የሚቆጣጠረው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ጉድለት ግን ሪፖርት ካልተደረገ የት ያገኘዋል? ሆስፒታሎች ያለ ድምፅ በታዛቢነት ይግቡና ማኅበሩ አንድ የቅሬታ ቅጽ ያውጣ፦ የዕቃው ዓይነት፣ መጠን፣ የባች ቁጥር፣ የማምከኛ ቀን፣ የጉድለቱ ዓይነት፣ ከስንቱ ስንቱ፣ የተበላሸው ዕቃ ተቀምጧል ወይስ ተጥሏል። ሰባት መስመር ናት።

የጥራት ባለሙያ፦
ቅጹን እቀበላለሁ፤ ታዛቢነቱንም። በመዋጮው ላይ የግዥ ሰው ያሉትን በከፊል እቀበላለሁ፦ ማምከኛው በተጠቃሚዎቹ አክሲዮን ለብቻው ይቋቋም፣ የማኅበሩ መዋጮ ለላብራቶሪው፣ ለሥልጠናውና ለክርክሩ ይዋል። መዋጮው በዓመት ሽያጭ ልክ ይሁን፣ ድምፁ ግን አንድ ፋብሪካ አንድ ድምፅ። ከመድኃኒቱ ማኅበር መለየቱን ግን አልተውኩም።

የግዥ ሰው፦
ትልቁ ከፍሎ ትንሹ ከወሰነ ትልቁ በሁለተኛው ዓመት ይወጣል።

የጥራት ባለሙያ፦
የጋዝ ክሮማቶግራፉ ያለው ማኅበሩ ጋ ነው። ባቹን ሳያስመረምር የት ይሄዳል?

የግዥ ሰው፦
የራሱን ይገዛል።

ላብራቶሪ፦
መሣሪያውን መግዛት ቀላል ነው። ሄሊየሙንና ማመሳከሪያ ጋዙን በየጊዜው ማስመጣት፣ ልኬቱን እየፈተሹ ማስተካከልና የሚያሠራውን ኬሚስት አለመልቀቅ ነው የሚከብደው። ምንዛሪ ወረፋ ላይ ሲቆም ለአንድ ሲሊንደር ማንም ቅድሚያ አይሰጠውም።