የጋራ ሞዴል አውሮፕላን፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው ሐሳብ ረቂቅ

ሰብሳቢ፦
ጤና ይስጥልኝ አባላት። ባለፈው በቃል ያወራነውን ወደ ጽሑፍ ላምጣው። በማኅበሩ ገንዘብ አንድ ትልቅ፣ ከመሬት በሬዲዮ የሚመራ የቤንዚን ሞዴል አውሮፕላን ገዝተን፣ በብርዱ ወራት ገጣጥመን፣ ሲሞቅ እናብርር ነው ነገሩ። ሞዴሉ የአየር ላይ ትርኢቱ አውሮፕላን ኤክስትራ 300 ይሁን በሚለው የተከራከረ የለም። ዋናውን አውሮፕላን የነደፈው ጀርመናዊው ዋልተር ኤክስትራ ነው። መጀመሪያ የበረረው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። የክንፉ ላይና ታች ቅርጽ እኩል ስለሆነ ተገልብጦም አይለግምም። የቀሩን የሞተሩ መጠን፣ የምንሠራበት ቦታና መጀመሪያ የሚያበርረው ሰው ናቸው። ጻፉ እንግዲህ።

የቪዲዮ ክፍል፦
120 ሲሲ! ባለ ሁለት ሲሊንደር። ድምፁ ብቻ ልብ ያርዳል።

ገንዘብ ያዥ፦
ልብ የሚያርደውስ ዋጋው ነው። 120ው ብቻውን አይመጣም። ክንፉ 2.6 ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ ክብደቱ ከ11 ኪሎ ያልፋል፣ ሰርቮው (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ይበዛል፣ ባትሪው ይተልቃል። የ55 ሲሲው ክንፍ 2.2 ሜትር ገደማ ነው፣ ክብደቱም 8 ኪሎ ቢሆን ነው። ክንፉን ነቅለን ሚኒቫን ውስጥ እንከተዋለን። ለመጀመሪያ የጋራ ሥራችን ይበቃል ባይ ነኝ።

ጋሼ (ቴክኒክ)፦
እህታችን ልክ ናት፣ 55 ይሁን። እኔ የምጨነቀው ለሌላ ነገር ነው። የምንገዛው አብዛኛው ሥራው በፋብሪካ ያለቀለት ኪት ነው። ያለቀ ስለተባለ ግን አትመኑት። በመጀመሪያ ሞተሩ የሚታሰርበትን የፊት ግድግዳ እንየው። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሲነዝር ቀልድ የለውም። ግድግዳው ከሆዱ ጋር የተጣበቀበትን መጋጠሚያ ዙሪያውን በ30 ደቂቃ በሚደርቅ ኢፖክሲ ማጣበቂያ ደግመን እናጠናክር። የ5 ደቂቃው ለዚህ አይሆንም። ከዚያ እንጨቱን በሙሉ በኢፖክሲ ስስ አድርገን እንቀባው። ቤንዚንና ዘይት የጠጣ እንጨት ማጣበቂያ አይዝም።

ግድግዳው ወደ ቀኝ ትንሽ ዞሮ ብታዩት ጠማማ መጣብን ብላችሁ እንዳታቃኑት። ፕሮፔለሩ ሲዞር አፍንጫውን ወደ ግራ ይስበዋል፤ ያንን ለማካካስ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ቡሎኖቹ በሮንዴላና በሰማያዊ ሎክታይት (ቡሎን እንዳይላላ የሚይዝ ፈሳሽ) ይታሰሩ። ብረት ከብረት በሚገናኝበት ሁሉ ሎክታይት፤ ፕላስቲክ ላይ ግን እንዳይነካ፣ ይሰነጥቀዋል።

ሰርባቶዮውንም እዩ። የሲሊኮን ቱቦ ቤንዚን አይችልም፣ አብጦ ይወልቃል። ለቤንዚን የተሠራ ቱቦ ብቻ። የዘይቱ ልክ የሞተሩ መመሪያ የሚለው ነው። 30 ለ1 ካለ ለ3 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ማለት ነው። በግምት የሚያፈስ ሰው አልፈልግም።

ኤሌክትሮኒክስ፦
ጋሼ የፊቱን ጨረሱልኝ፣ እኔ ወደ ውስጥ ልግባ። ካንዴላውን የሚያቀጣጥለው ኢግኒሽን ሬዲዮ ይረብሻል። ስለዚህ እሱና ባትሪው ከፊት፣ ሪሲቨሩ (የሬዲዮ ተቀባዩ) ከኋላ፣ በመሃላቸው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር። ከሰርቮው ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደው ዘንግ ብረት አይሁን። ብረት ከሆነ ረብሻውን ይዞልን ይመጣል። ለሪሲቨሩ ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ማብሪያ። አንዱ ቢሞት ሌላው ያሳርፈናል። ሞተሩ ከመሬት በሬዲዮ የሚጠፋበት መቁረጫም ይኑረው። ይሄ ለድርድር አይቀርብም። ሲግናል ቢጠፋ ደግሞ የሞተሩ ፍጥነት በራሱ እንዲቀንስ ሪሲቨሩን እናስተካክላለን። ሬዲዮው እስከ ምን ርቀት እንደሚሠራ የምናይበት ፍተሻ ሞተሩ ጠፍቶም ተነስቶም ይደረጋል።

የቪዲዮ ክፍል፦
ባትሪዎቹ በትክክል የት ይቀመጡ? ሥዕሉን እየሠራሁ ነው።

ኤሌክትሮኒክስ፦
አሁን አትሣለው። የባትሪው ቦታ መጨረሻ ላይ ነው የሚታወቀው። ሁሉም ነገር ከተገጠመ በኋላ፣ ሰርባቶዮው ባዶ ሆኖ፣ የክብደቱ ማዕከል መመሪያው ላይ ያለው ነጥብ ላይ እስኪያርፍ ባትሪዎቹን ወደፊት ወደኋላ እናደርጋለን።

ጸሐፊ፦
ስለ ማብረሪያ ቦታው። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም በዋሽንግተኑ ሬገን አየር ማረፊያ ዙሪያ ሞዴል ማብረር በተከለከለው 15 ማይል ውስጥ ናቸው። ሜዳችን ከዚያ ውጭ መሆን አለበት። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት ውስጥ በቅድመ ሁኔታ ይፈቀዳል። ከ400 ጫማ በታች፣ አውሮፕላኑ ከዓይን ሳይጠፋ። አብራሪ ሁሉ ትረስት የሚባለውን ነፃ የኦንላይን ፈተና ይውሰድ፣ ኤፍ ኤ ኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) ላይም ይመዝገብ። ለ3 ዓመት 5 ዶላር ነው፣ ሰበብ አይሆንም። ቁጥሩ በአውሮፕላኑ ውጫዊ አካል ላይ ይጻፋል። የአሜሪካ የሞዴል አቪዬሽን አካዳሚ አባልነትም ይካተት፣ ኢንሹራንሱ ያስፈልገናል።

የቪዲዮ ክፍል፦
መጀመሪያ ማን ያብርር ለሚለው ዕጣ እንጣል።

ሰብሳቢ፦
ወንድሜ፣ ዕቁብ አደረግኸው እኮ! ከዚህ በፊት ትልቅ የቤንዚን ሞዴል ያበረረ ሰው ይሁን። ከእኛ መሃል ከሌለ ከሜዳው ክለብ አንድ ልምድ ያለው ሰው እንለምናለን። አያሳፍርም።

ገንዘብ ያዥ፦
ይሁን። ቢወድቅስ? ማን ነው የሚከፍለው? ይሄ ሳይጻፍ ገንዘብ አላወጣም።

ጋሼ (ቴክኒክ)፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። የአውሮፕላን ጥገና ሃንጋር ውስጥ ስሠራ፣ ወሳኝ ቦታ ላይ ቡሎን ያጠበቀ ሰው የራሱን ሥራ መርማሪ ሆኖ አይፈርምም ነበር። ሌላ ሰው አይቶ ነው የሚፈርመው። እኛም እንደዚያው እናድርግ። ሞተር፣ የቁጥጥር ዘንጎች፣ ሽቦ፣ የክብደት ማዕከል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሠሪ፣ አንድ መርማሪ። ሁለት ፊርማ ያለበት አውሮፕላን ከወደቀ ኪሳራው የማኅበሩ ነው። ፊርማው ሳይሟላ ያስነሳ ራሱ ይክፈል። ጨዋነት እንዳይመስላችሁ፣ እኔ የሠራሁትንም መርምሩ። ሽማግሌ ነው ብላችሁ የምታልፉት ነገር እንዳይኖር።

ገንዘብ ያዥ፦
እንዲህ ከሆነ ተስማምቻለሁ። ከመርማሪዎቹ አንዷ እኔ ልሁን። ስለ ሞተር ብዙ አላውቅም፤ ስለዚህ እስኪገባኝ ድረስ እጠይቃለሁ።

ሰብሳቢ፦
እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ይነበብ፦ «ማኅበሩ 55 ሲሲ ሞተር ያለው ኤክስትራ 300 ይገዛል። የመገጣጠሙ ሥራ በየደረጃው በሠሪና በመርማሪ ፊርማ ይረጋገጣል። ፊርማው ያልተሟላ አውሮፕላን ከመሬት አይነሳም። የመጀመሪያውን በረራ ልምድ ያለው አብራሪ ያደርጋል።» ተቃውሞ ያለው እስከ እሑድ ማታ ይጻፍ። የቀረን ጋራዥ ነው። አፓርታማ ውስጥ አይታሰብም።

የውድብሪጁ አባል፦
እኔ ጋ ይቻላል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ጠረጴዛም አለ። ቤንዚን ግን ጋራዡ ውስጥ አይገባም፣ የውሃ ማሞቂያው እዚያ ነው። ሞተር መሞከር ካስፈለገም ሜዳ ወስደን ነው፤ ጎረቤቶቼ በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ነርሶች ናቸው፣ ቀን ነው የሚተኙት።