ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሰልፍ፣ ላረፈደ ቁጭ ብድግ፦ ይቀጥል ወይስ ይቅር? (ቱሉ ዲምቱ፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የጽሑፍ ክርክር)

አባት፦ ጎረቤቶች፣ በግልጽ እናውራ። ጡረታ የወጡት ሃምሳ አለቃ ልጆቹን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሜዳ ላይ ያሰልፋሉ። ሩጫ አለ፣ አልጋ አነጣጠፍ ሳይቀር ያስተምራሉ። ያረፈደ ቁጭ ብድግ ይሠራል። አሁን የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ ይግባ ተብሏል። እኔ እደግፋለሁ። ልጄ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስልክ መንካት ትቷል። ለምኜ ያቃተኝ ነገር ነው።

ነርሷ፦ 3 ሰዓት ተኝቶ 10 ሰዓት ከተነሳ 7 ሰዓት ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመከረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ለመሆኑ እዚህ ሰፈር ማነው በ2 ሰዓት የሚተኛው? አባወራው ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው።

የታክሲ ረዳቱ፦ እኔ በ10 ሰዓት የምነሳው ማንም ሳይጮህብኝ ነው። ኪሴ ይቀሰቅሰኛል።

ሯጩ፦ አበበ ቢቂላን ረሳችሁት እንዴ? የክቡር ዘበኛ ወታደር እኮ ነው! እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በ2:12:11 ገባ። ከዚያ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ማሞ ወልዴም ከዚያው ጦር ነው። ምሩጽ ይፍጠር ደግሞ ከአየር ኃይል። ይሄ ሁሉ በአጋጣሚ ነው?

ነርሷ፦ አይደለም ወንድሜ። ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገርከን። እነሱ ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ጦሩ ያበላቸዋል፣ ያሳክማቸዋል። አበበ ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሰልጣኝ ነበረው። ካምፕ ውስጥ የመነሻ ሰዓት እንዳለ ሁሉ የመኝታ ሰዓትም አለ። እኛ የወሰድነው መነሻውን ብቻ ነው። ቁርስ ያልቀመሰ ልጅ ቁጭ ብድግ ሠርቶ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። መምህሩ ደግሞ ያንበረክከዋል።

የቀድሞ ወታደር፦ ሃምሳ አለቃን አከብራቸዋለሁ፣ የሙያ ወንድሜ ናቸው። ግን ጦር ውስጥ ቀጪው ራሱ አለቃ አለው፣ ካበዛው ይጠየቃል። ሜዳው ላይ ማን አለ? ደግሞም እኔን የጠቀመኝ ቅጣቱ አይደለም። ልብስና ጫማዬን ማታ አዘጋጅቼ መተኛት ለመድኩ፣ እስከ ዛሬ አልተወኝም።

የጉሊት እናት፦ እናንተ ስለ እንቅልፍ ትከራከራላችሁ። እኔ እስከ ማታ ጉሊት ላይ ነኝ። ልጄ ድሮ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ቤቲንግ ቤት ነበር የሚውለው። አሁን ነገ እነሳለሁ ብሎ በጊዜ ይገባል። «የት ዋልክ?» ብለው የሚጠይቁት ሃምሳ አለቃ ብቻ ናቸው። ሌላ የሚጠይቅ ካለ ይምጣ።

ነርሷ፦ እትዬ፣ እዚህ ላይ መልስ የለኝም። ሰዓቱና ቅጣቱ ይስተካከል ነው እንጂ ሜዳው ይዘጋ አላልኩም።

ሃምሳ አለቃ፦ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። ሰዓቱን ወደ 11 ተኩል ገፍቼዋለሁ። ቁጭ ብድጉን ግን አልተውም። ቅር ያለው እሑድ ከዕድር በኋላ ይምጣና ፊት ለፊት እንነጋገር።

ነርሷ፦ እመጣለሁ ጋሼ። እስከዚያው ግን ወላጁ ያልፈቀደለት ልጅ ከስም ዝርዝሩ ይውጣ።