የበሰለ የዓይን ሞራ፦ በፋኮ ወይስ በእጅ ያለ ስፌት?

ጠያቂ፦
የ74 ዓመቷ እናቴ የዓይን ሞራቸው በጣም በመብሰሉ፣ ሐኪማቸው በፋኮ ከመሥራት ይልቅ በእጅ፣ ያለ ስፌት ማውጣቱ እንደሚሻል ነግረውናል። ፋኮ ዘመናዊ ነው ሲባል ስለምንሰማ ግራ ተጋብተናል፤ ጉዳቱ የሚያንሰው የትኛው ነው?

መልስ 1፦
ሐኪሙ ያሉት ተገቢ ነው። ፋኮ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ቀዳዳ ገብቶ በሞራ የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ በድምፅ ሞገድ የሚሰባብር ሲሆን፣ ሞራው ከጠጠረ ግን ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ የኮርኒያን (ከዓይን ፊት ያለውን ግልጽ ሽፋን) የውስጥ ሕዋሳት ሊጎዳ፣ ስብርባሪውም ወደ ዓይን ኋላ ሊወድቅ ይችላል። በእጅ ሲወጣ ቅዱ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ ኮርኒያው ይበልጥ ይጣመማል፤ ይህ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመነጽር ይስተካከላል።

መልስ 2፦
በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣና ሁለቱን ዘዴዎች ባነጻጸረ የኔፓል ጥናት፣ በማግሥቱ የኮርኒያ እብጠት ያነሰው በእጅ በተሠሩት ላይ ነበር፤ ከ6 ወር በኋላ የሁለቱም ቡድኖች እይታ ተቀራራቢ ሆኗል። ሌንሱን የሚይዘው ስስ ከረጢት መቀደድ በሁለቱም ያጋጥማል፤ እዚህ ላይ ከመሣሪያው ይልቅ የቀዶ ሐኪሙ ልምድ ይወስናል ባይ ነኝ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላስ?

መልስ 1፦
ሕመም፣ መቅላት ወይም የእይታ መቀነስ ካዩ በዚያው ዕለት ይውሰዷቸው፤ የዓይን የውስጥ ኢንፌክሽን ለነገ አይባልም።